በቤት ውስጥ የባሕር ውሃ ገንዳ የኮራል ተባዮችን መከላከል

ጂዛን — የኮራል ተባዮች የሚባሉት በኮራል ላይ ተጠግተው ሥጋውን የሚመገቡ፣ የሚነድፉት ወይም ቦታውን የሚሻሙ የባሕር ፍጥረታት ናቸው። በተፈጥሮ ባሕር ውስጥ ጠላታቸው ብዙ ስለሆነ ቁጥራቸው ተገድቦ ይኖራል። በመስተዋት በተከለለ የቤት ገንዳ ውስጥ ግን የሚለቅማቸው ዓሣም ሆነ የሚጠርጋቸው ሞገድ ስለማይኖር፣ ለዓመታት የተለፋበትን ስብስብ በጥቂት ሳምንታት ሊያወድሙት ይችላሉ።

በጂዛን ከተማ፣ በአቡ ዓሪሽ፣ በሳብያ፣ እንዲሁም ወደ ድንበሩ በሚጠጉት በሳምታና በአሐድ አል መሳሪሓ በአንዳንድ ቤቶች መጅሊስ ውስጥ እንዲህ ያለ ገንዳ ይታያል። ገንዳውን የገዛው የቤቱ ባለቤት ቢሆንም፣ መስተዋቱን የሚወለውለው፣ ውሃውን የሚቀይረውና ዓሣውን የሚመግበው ብዙ ጊዜ የቤት ሠራተኛ ወይም ጠባቂ ነው። በእጁ የሚነካው ሰው ምን እንደሚነካ ማወቅ አለበት፤ በተለይም ከእነዚህ ፍጥረታት መካከል የሰውን ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥል መርዝ ያላቸው ስለሚገኙ ጉዳዩ የገንዳ ማሳመር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ወደዚያ ኋላ እንመለሳለን።

ኮራል ምንድን ነው?

ዐረቦች «መርጃን» የሚሉት፣ እኛም በተለምዶ «ኮራል» የምንለው ፍጥረት ድንጋይም ተክልም አይደለም፤ እንስሳ ነው። ፖሊፕ የሚባሉ እጅግ ብዙ ትንንሽ አካላት አንድ ላይ ተያይዘው ከሥራቸው የኖራ አጽም ይገነባሉ። በሥጋቸው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ፤ አልጌዎቹ ከብርሃን ምግብ ሠርተው ለኮራሉ ያካፍላሉ። ውሃው ከመጠን በላይ ሲሞቅ ይህ ኅብረት ይፈርሳል፤ አልጌው ይወጣል፣ ኮራሉም ይነጣል። ስለዚህ በገንዳ ውስጥ የነጣ ኮራል ሁሉ በተባይ የተበላ ነው ማለት አይደለም። በሙቀት የነጣው ሥጋው አለ፤ ቀለሙ ብቻ ነው የጠፋው። በተባይ የተበላው ግን ሥጋው ተገፎ አጽሙ ገጦ ይታያል። ልዩነቱን በአጉሊ መነጽር አይቶ መለየት የሥራው መጀመሪያ ነው።

የጂዛን ነዋሪ ይህን ፍጥረት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከጂዛን ዳርቻ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው የሚገኙት የፋራሳን ደሴቶች በቀይ ባሕር ደቡባዊ ክፍል ካሉት የኮራል መንደሮች መካከል የሚጠቀሱ ናቸው። ዩኔስኮ በ2021 እ.ኤ.አ. ደሴቶቹን በሰውና ባዮስፌር መርሐ ግብሩ ውስጥ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ አድርጎ መዝግቧቸዋል። በማዶ በኩል፣ በምፅዋ ፊት ለፊት፣ የዳህላክ ደሴቶች ይገኛሉ፤ ሁለቱ የደሴት ስብስቦች የአንድ ባሕር ሁለት ዳርቻ ጎረቤቶች ናቸው። የቀይ ባሕርን ኮራሎች ለሳይንስ ካስተዋወቁት ቀደምት ተመራማሪዎች አንዱ የሆነው ጀርመናዊው ኤረንበርግ የጉዞ ጓደኛውን ሄምፕሪክን በ1825 እ.ኤ.አ. በምፅዋ በሞት አጥቶታል። በ1834 እ.ኤ.አ. ለገለጸው አንድ የኮራል ዝርያ የጓደኛውን ስም ሰጠው፤ ዛሬ «አክሮፖራ ሄምፕሪኪ» ይባላል። አክሮፖራ የሚባለው ቅርንጫፋማ የኮራል ወገን ከዚህ በታች ከሚነሡት ተባዮች የሁለቱ ዋነኛ ምግብ ነው።

ከባሕር መልቀም ለምን አይፈቀድም?

በገንዳ ውስጥ ተባይ የሚገባበት ቀላሉ መንገድ ከባሕር ዳርቻ የተለቀመ ድንጋይ ወይም ኮራል ነው። በድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ ሸርጣን፣ ትል፣ ሥጋ በል ቀንድ አውጣ ተደብቀው ይመጣሉ። ከዚህ በላይ ግን ድርጊቱ ራሱ ሕገ ወጥ ነው። የመንግሥቱ የአካባቢ ጥበቃ ሕግ ያለ ፈቃድ ኮራልን መልቀምም ሆነ መጉዳት ይከለክላል፤ የፋራሳን ደሴቶችም በሕግ የተጠበቁ ናቸው። ድንጋያማ ኮራሎች ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎችን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ማለትም በሳይቴስ፣ ሁለተኛ አባሪ ውስጥ ስለተካተቱ ከአገር ወደ አገር የሚዘዋወሩት በፈቃድ ብቻ ነው። ለእረፍት ወደ አገር ቤት የሚመለስ ሰው ከሐርር ወይም ከቡና ስጦታ ጋር ነጭ የኮራል ቁራጭ ሻንጣው ውስጥ ቢከትት፣ በአውሮፕላን ማረፊያ ሊጠየቅበት ይችላል። የሞተ፣ የደረቀና ከአሸዋ ላይ የተነሣ መሆኑም ከጥያቄ አያድነውም።

አሠሪ «ሂድና ከባሕር ድንጋይ አምጣልኝ» ቢል፣ ይህን በትሕትና ማስረዳት ለሁለቱም ይበጃል። ሕጋዊ ፈቃድ ካለው ሱቅ የተገዛ፣ በገንዳ ውስጥ ተባዝቶ ያደገ ኮራል በተሻለ ጤንነት ይመጣል፤ ከተባይ ነጻ ነው ማለት ግን አይደለም።

በብዛት የሚያጋጥሙ ተባዮች

በባሕሩ ውስጥ ስመ ጥሩው የኮራል በላተኛ እሾሃማው የባሕር ኮከብ ነው። ሆዱን ወደ ውጭ ገልብጦ በኮራሉ ላይ እየዘረጋ ሥጋውን ያሟሟዋል። የቀይ ባሕሩ ዝርያ ከሌሎች ተለይቶ «አካንታስተር ቤንዚኢ» የሚል ሳይንሳዊ ስም ያገኘው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው። ይሁንና ይህ ፍጥረት ትልቅ ስለሆነ ሳይታይ ቤት አይገባም። የቤት ገንዳን የሚያጠፉት በጣም ያነሱ ናቸው።

ከሁሉም ተንኮለኛው አክሮፖራ የሚበላው ጠፍጣፋ ትል ነው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ የተገለጸው «አማኩሳፕላና አክሮፖሬ» በሚል ስም ነበር። ሰውነቱ ከኮራሉ ቀለም ጋር ስለሚመሳሰል ሰው ፊት ለፊት እያየው ላያየው ይችላል። የሚታየው ሥራው ነው፦ በቅርንጫፉ ላይ ክብ ክብ የገረጡ የንክሻ ምልክቶች፣ ከሥር ወደ ላይ እየደበዘዘ የሚሄድ ቀለም። እንቁላሉን የሚጥለው በሥጋው ላይ ሳይሆን ሥጋ በሌለው አጽም ላይ፣ ከሕያው ክፍል አጠገብ፣ በቡናማ ክምር ነው። የመንከሪያ መድኃኒት ትሉን ያራግፈዋል፤ እንቁላሉን ግን አይገድለውም። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ነክሮ፣ ትሎቹ ባልዲው ውስጥ ሲንሳፈፉ አይቶ ድል አደረግሁ ይላል። እንቁላሉ እንደ ውሃው ሙቀት ከአንድ ሳምንት ጥቂት ባለፈ ጊዜ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ውስጥ ይፈለፈላል፤ ውሃው በሞቀ ቁጥር ይፈጥናል። እንደ ጂዛን ባለ ቆላ፣ የቤቱ ማቀዝቀዣ ሲጠፋ የገንዳው ውሃ በቶሎ በሚሞቅበት አገር፣ ይህ ልብ ሊባል የሚገባው ነጥብ ነው።

ሁለተኛው የአክሮፖራ ጠላት በተለምዶ «ቀይ ትኋን» የሚባለው ነው። በእርግጥ ትኋን አይደለም፤ ከሽሪምፕና ከሸርጣን ወገን የሆነ፣ ከግማሽ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ቢጫ ፍጥረት ሲሆን በሰውነቱ ላይ ቀይ ነጥብ አለው። ያለ አጉሊ መነጽር እንደ አቧራ ይመስላል። የኮራሉ ቀለም ይደበዝዛል፣ ፖሊፖቹም ወደ ውጭ አይወጡም። የሚያጠፋው መድኃኒት ለቤት እንስሳት የሚሰጥ ሲሆን በገንዳው ያሉትን ሽሪምፖችና ሸርጣኖች አብሮ ይገድላል፤ ስለዚህ ያለ ባለሙያ ምክር የሚሞከር አይደለም።

ሞንቲፖራ የተባለውን ኮራል የሚበላው ደግሞ ዛጎል የሌለው ትንሽ ነጭ የባሕር ቀንድ አውጣ ነው። ከ1 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ጀርባው በላባ መሰል ጣቶች የተሸፈነ ነው። ከእንቁላሉ የሚወጣው ልጅ በውሃ ላይ ሳይንሳፈፍ እዚያው ስለሚቀር፣ አንድ ጊዜ ከገባ በዚያው ኮራል ላይ ይረባል። እንቁላሉ ከኮራሉ ሥር፣ ብርሃን በማይደርስበት ጎን ይገኛል። ኮራሉን ገልብጦ ያላየ ሰው አላየውም ማለት ነው።

አይፕታሲያ የሚባለው ቡናማ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ የባሕር አኔሞን እንደ አረም ነው። በራሱ አያስፈራም፤ በጣቶቹ ግን የአጠገቡን ኮራል ይነድፋል። በቢላ መቁረጥ ወይም በብሩሽ መፈተግ ትልቁ ስሕተት ነው፤ ከእግሩ የቀረች ቁራጭ ሥጋ ሁሉ አዲስ አኔሞን ትሆናለች። የሚሠራው ዘዴ ወፍራም የኖራ ሊጥ ወይም የሎሚ ጭማቂ በስሪንጅ በአፉ ላይ መጨመር ነው፤ በአንድ ቀን ጥቂቶቹን ብቻ፣ የገንዳው ውሃ ጠባይ እንዳይናወጥ። ኖራ ቆዳንና ዓይንን ያቃጥላልና ጓንት ግድ ነው። «ፔፐርሚንት» የሚባለው ሽሪምፕና «በርጊያ» የሚባለው ትንሽ ቀንድ አውጣ አይፕታሲያን ይበላሉ። በርጊያ ከዚያ ሌላ ምንም አይበላም፤ አረሙ ሲያልቅ በረሃብ ይሞታል፤ ስለዚህ ሥራውን ሲጨርስ ለሌላ ሰው ማስተላለፍ የተለመደ ነው።

ቀሪዎቹን በአጭሩ እንለፍ። በሺዎች ሆነው መስተዋቱን የሚያለብሱት ቀይ ጠፍጣፋ ትሎች አንድ ላይ በመድኃኒት ከተገደሉ መርዝ ስለሚለቁ፣ አስቀድሞ በቀጭን ቱቦ መጥጦ ቁጥራቸውን መቀነስ ይገባል። በድንጋይ ላይ ቱቦ ሠርተው የሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች በሚዘረጉት ዝልግልግ ድር ኮራሉን ያውካሉ፤ ቱቦውን ሰብሮ አፉን በማጣበቂያ መድፈን ይበቃል። ጸጉራሙ ትል በብዛት የሚፈራ ቢሆንም አብዛኛው ትራፊ ለቃሚ ጽዳት ሠራተኛ ነው፤ በባዶ እጅ ግን አይነካም፤ ጸጉሩ ቆዳ ውስጥ ይቀራል።

ለይቶ ማቆያ

ከሁሉ የሚበልጠው መከላከያ ለይቶ ማቆያ ነው። ይህ ቃል ከኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ ለማንም አዲስ አይደለም። አዲስ የተገዛ ኮራል በቀጥታ ወደ ትልቁ ገንዳ አይገባም። ትንሽ፣ ባዶ፣ የራሱ ፓምፕና መብራት ያለው ገንዳ ይዘጋጅለታል፤ ከታች አሸዋ ባይኖር ይመረጣል፣ የወደቀ ትል በነጭ ወለል ላይ ይታያልና። ቆይታው ቢያንስ ስድስት ሳምንት ቢሆን መልካም ነው። ቁጥሩ ያለ ምክንያት አልተመረጠም፤ እንቁላል ተፈልፍሎ፣ ትሉ አድጎ እንደገና እንቁላል ለመጣል የሚፈጅበትን ጊዜ ለመሸፈን ነው።

ኮራሉ ከሱቅ እንደመጣ የተተከለበት ትንሽ መደብ ቢቻል ተቆርጦ ይጣላል፤ እንቁላልም፣ አይፕታሲያም፣ አረም አልጌም የሚመጣው ከኮራሉ ይልቅ በመደቡ ላይ ነው። ሥጋ የሌለው የአጽሙ ክፍል በወረንጦና በስለት ይፋቃል ወይም በማጣበቂያ ይሸፈናል። ከዚያ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ውስጥ የአዮዲን ወይም ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ ሌላ መንከሪያ ተጨምሮ፣ በመያዣው ላይ በተጻፈው መጠንና ደቂቃ ልክ ኮራሉ ይነከራል። በመንከሪያው ውስጥ እያለ በስሪንጅ ውሃ እየረጩ ቅርንጫፎቹን ማጠብ የተጣበቀውን ያራግፋል። በንጹሕ የባሕር ውሃ ከታጠበ በኋላ ወደ ማቆያው ይገባል። የመንከሪያው ውሃ ወደ ገንዳ አይመለስም። በማቆያው ቆይታ ይህ ሥራ በየአምስት እስከ ሰባት ቀኑ ይደገማል፤ በዚህ ልዩነት የተፈለፈለው ትል እንቁላል ለመጣል ሳይደርስ ይያዛል።

ወረንጦው፣ ባልዲው፣ ቱቦውና ስፖንጁ ለማቆያው የተለየ መሆን አለበት። በአንድ ባልዲ ሁለቱን ገንዳዎች ማገልገል ማቆያውን ከንቱ ያደርገዋል። በባልዲዎቹ ላይ በቀለም ምልክት ማድረግ፣ በተለይ ሥራውን ከአንድ ሰው በላይ የሚሠራው ከሆነ፣ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ሌሊት፣ መብራቱ ከጠፋ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ በቀይ ብርሃን የእጅ ባትሪ ገንዳውን ማየት ቀን የማይገኘውን ያሳያል። ብዙዎቹ ተባዮች የሌሊት ሠራተኞች ናቸው፤ ቀይ ብርሃንንም እንደ ነጩ አይሸሹትም።

ፀረ ተባይ መርጨትና የቤቱ አየር

በአማርኛ «ተባይ» ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው በረሮና ትንኝ ነው። ቃሉን በዚህ ርዕስ ስጠቀምበት ትንሽ ያሰጋኝም ለዚህ ነው፦ አንድ ሰው «የኮራል ተባይ» የሚለውን ሰምቶ የበረሮ መርጫውን እንዳያነሣ። ለነፍሳት የሚረጨው መድኃኒት ለሽሪምፕና ለሸርጣን ብርቱ መርዝ ነው፤ ለዓሣውም ይተርፋል። ጂዛን ሞቃታማና ትንኝ የሚበዛበት አካባቢ በመሆኑ በየቤቱ መርጨት የተለመደ ነው። በሚረጭበት ቀን ገንዳው በፕላስቲክ ተሸፍኖ፣ ከክፍሉ አየር የሚስበው የአየር ፓምፕ ለጊዜው መጥፋት፣ የውሃ ማዘዋወሪያው ግን መቀጠል አለበት። መርጫ የነካ እጅ ሳይታጠብ ገንዳ ውስጥ አይገባም።

በበጋው ወራት የሚነሣው የአቧራ ነፋስም ክዳን ለሌለው ገንዳ መልካም አይደለም። ውሃ ሲቀየር ከወደቡ አጠገብ የተቀዳ የባሕር ውሃ ይቅር፤ ነዳጅና ፍሳሽ ይኖረዋል። ከማጣሪያ በወጣ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ለዚሁ የሚሸጠውን ጨው በጥብጦ በሊትር 35 ግራም ገደማ ማድረስ፣ ሙቀቱንም ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መጠበቅ የተለመደው ነው። ጤናማ ኮራል ቁስሉን ይጠግናል፤ የተጨነቀው ግን ትንሽ ንክሻም ትበቃዋለች።

ሰውን የሚጎዳው መርዝ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ዞአንቲድ የሚባሉ፣ ክብ ክብ አዝራር ወይም ትንንሽ አበባ የሚመስሉ፣ ድንጋዩን እንደ ምንጣፍ የሚሸፍኑ ፍጥረታት አሉ። ከእነርሱ መካከል በተለይ «ፓሊቶአ» የሚባሉት ፓሊቶክሲን የተባለ መርዝ ሊይዙ ይችላሉ። መርዙ በ1971 እ.ኤ.አ. ከሃዋይ ከተገኘ ፓሊቶአ ተለይቶ የታወቀ ሲሆን፣ ከባሕር ከሚገኙት መርዞች እጅግ ኃይለኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። ፓሊቶአ እንደ አረም ስለሚስፋፋ ሰው ሊያስወግደው ይፈልጋል፤ ጉዳቱም የሚደርሰው በዚያ ጊዜ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ኦክስፎርድሻየር አንድ ቤተሰብ የቤት ገንዳ ሲጸዳ ከኮራል በወጣ መርዝ ታምሞ ሆስፒታል ገብቷል።

ሁለት ነገሮች ፈጽሞ አይደረጉም። የመጀመሪያው፣ ከገንዳ የወጣን ድንጋይ በፈላ ውሃ ማፍላት ወይም በላዩ ላይ የፈላ ውሃ መድፋት ነው። እኛ ዕቃን ከጀርም ማንጻት ሲባል ማፍላት ይቀናናል፤ ይህ መርዝ ግን በሙቀት አይጠፋም፣ ከእንፋሎቱ ጋር ወደ ሳንባ ይገባል። ሁለተኛው፣ ድንጋዩን ከውሃ አውጥቶ በደረቁ በብሩሽ መፈተግ ወይም በኃይለኛ የውሃ ግፊት ማጠብ ነው፤ ጤዛው ዓይንና አፍ ውስጥ ይረጫል።

እንዲህ ያለ ሥራ የግድ ከሆነ ድንጋዩ በውሃ ውስጥ እንደተዘፈቀ፣ ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽርና ማስክ ተደርጎ፣ መስኮት በተከፈተበት ቦታ ይሠራል። በእጅ ላይ ቁስል ያለበት ሰው አይሠራውም፤ ሕፃናትም ከአካባቢው ይርቃሉ። የተጠቀሙበት ዕቃና የሚጣለው ድንጋይ በበረኪና (እዚህ በተለምዶ ክሎሮክስ በሚባለው) በተበጠበጠ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። በረኪናው ከአሲድም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር አይደባለቅም።

የመርዙ ምልክቶች በአፍ ውስጥ የብረት ወይም የመራራ ጣዕም፣ ብርድ ብርድ ማለትና ትኩሳት፣ ሳል፣ የደረት መጨነቅ፣ የጡንቻ ሕመምና መዛል፣ የዓይን መቅላትና ማቃጠል ናቸው። ብርድና ትኩሳቱ ከጉንፋን ወይም ከወባ ጋር ስለሚመሳሰል ሰው ተኝቶ ሊያሳልፈው ይሞክራል። ገንዳ ካጸዳ በኋላ እንዲህ የተሰማው ሰው ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር መውጣት፣ ልብሱን መቀየር፣ ዓይኑን በብዙ ውሃ ማጠብና ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት። ለሐኪሙም ገንዳ ሲያጸዳ እንደነበረ መናገር ይኖርበታል፤ ካልተነገረው አይገምተውም። በዐረብኛ «ከንት ኡነዚፍ ሐውድ መርጃን» ማለት፣ «የኮራል ገንዳ ሳጸዳ ነበር» ማለት ነውና ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር መያዝ ይጠቅማል። የቀይ ጨረቃ አምቡላንስ ቁጥር 997፣ የጤና ሚኒስቴር የምክር መስመር ደግሞ 937 ነው።

የማይፈለገውን ማስወገድ

ተባይ የያዘው ኮራል፣ የሞተ ዓሣ፣ ያረጀ ውሃ ወይም የተረፈ ቀንድ አውጣ ወደ ባሕር አይመለስም። ወደ ሱቅ የሚመጡት ኮራሎች ከሩቅ ውቅያኖስ የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አብረዋቸው የሚመጡትም ለቀይ ባሕር እንግዳ ናቸው። በቬኔዙዌላ ዳርቻ «ኡኖሚያ» የተባለ የሩቅ ምሥራቅ ለስላሳ ኮራል ከአኳሪየም ንግድ ጋር በተያያዘ መንገድ ገብቶ የአገሩን ኮራሎች እየሸፈነ ተስፋፍቷል። የሚጣለው ኮራል በበረኪና ውሃ ውስጥ ቢያንስ አንድ ቀን ከቆየ በኋላ በወፍራም ፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ ወደ ቆሻሻ ይሄዳል፤ ከማቆያው የወጣው ውሃም በበረኪና ታክሞ በቤቱ ፍሳሽ ይለቀቃል።